ዝይዋ እኔ ጋ ናት

ይድረስ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል ወይስ አዲሱ ሐኪም የወጋሽ መርፌ ረዳሽ? ጋሼ ሀይለገብርኤልስ ደኅና ናቸው? ስኳራቸውን ይጠብቃሉ ወይስ አንቺ ዞር ስትዪ ጋራዥ የደበቁትን ብስኩት ዛሬም ይበላሉ? እኔ ተመስገን ነው፣ ከወገቤ በቀር ሁሉም ደኅና ነው። ወገቤን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ አሮጊት ከአልጋ እያነሳ የሚውል ሰው ወገቤ ደኅና ነው ቢልሽ እንዳታምኚው።

አንድ ከተማ ተቀምጠን ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅሽ አይቀርም። ከእኔ ቤት እናንተ ጋ፣ ዌስትቼስተር ድረስ መንገዱ ካልተጨናነቀ ያፈሉት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይደረሳል። በስልክ ግን አንቺን አልችልሽም። ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ የጀመርኩትን ነገር የምትጨርሺልኝ አንቺ ነሽ፤ የጨረስሽልኝ ደግሞ አንድም ቀን እኔ ልል ያሰብኩት ሆኖ አያውቅም። ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም። እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከዚያ በኋላ ብትቀዳድጂውም ጉዳይሽ ነው።

በስልኬ ላይ የተውሽልኝን መልእክት ሁሉ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ዝይዋ ከመደርደሪያው ላይ ጠፋች አልሽ። ቀጥለሽ ቤት የምታጸዳልሽን ሴትዮ ጠረጠርሽ። በመጨረሻው ላይ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ምናልባት አንቺ የምታውቂው ነገር ይኖር ይሆን ብለሽ ጠየቅሽኝ። ከሁሉ የገረመኝ ይሄኛው ነው፤ እኔን ለመጠየቅ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አታውቂም። እባክሽ ያቺን ምስኪን ሴትዮ ተያት። ዝይዋ እኔ ጋ ናት። አልሰረቅኋትም።

እንዴት እንደመጣች እነግርሻለሁ፤ ግን ከሥሩ ጀምሬ ነው የምነግርሽ። አትፍሪ ደግሞ። በእናታችን ስም የማልኩትን አልረሳሁም። ያቺን ነገር ከአፌ አላወጣም ብያለሁ፣ እስከ ዛሬም አላወጣሁም፤ እዚህ ወረቀት ላይም አታገኚያትም። እንደ ደንባችን «ልጅሽ» እያልኩ ነው የምጽፍልሽ። ብትፈልጊ ለማኅበርተኞችሽ አንብቢላቸው። በአንዲት የእንጨት ዝይ የተነሳ እህቷ አበደች ከማለት በቀር የሚያገኙበት ነገር የለም።

ሀልሞኒን ታውቂያታለሽ። ሀልሞኒ በኮሪያዎች ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ እኔም ስሟን ትቼ እንደ ልጅ ልጆቿ እንዲሁ ነው የምጠራት። ዘጠና ዓመት ያለፋትን ሴት አንቺ ማለቴ ከብልግና አይቆጠርብኝ፤ አጥቤ፣ አልብሼ፣ አጉርሼ ስውል እንደ እናታችን ቀረበችኝ። ኮሪያታውን እሷን መጠበቅ ስጀምር አፍረሽብኝ ነበር። ፌርፋክስ ላይ፣ አበሻ በሚሰበሰብበት መንገድ፣ ሰው ፊት «ሆስፒታል ነው የምትሠራው» ስትዪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅሽ ግን አላፈረችም። በአውቶቡስ እንዳልጉላላ ብላ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ትወስደኝ ነበር። ፎቅ ወጥታ ሀልሞኒን ጎንበስ ብላ ሰላም ትላታለች፣ እኔ ብርቱካን እልጥላቸዋለሁ፣ ከዚያ ሦስታችንም የጋራ ቋንቋ ሳይኖረን አብረን ቴሌቪዥን እናያለን። የሀልሞኒ የልጅ ልጅ ጁን እንዲህ ተቀምጠን ነው ያገኘን። በሚቀጥለው ሳምንት አያቱን ለማየት በየቀኑ መምጣት ሲጀምር ነገሩ ገባኝ።

ነገሩን የሰማሽ ዕለት፣ ልጄን የአሮጊት ቤት ወስደሽ ለቻይና ሰጠሽብኝ ብለሽ ጮህሽብኝ። ኮሪያዊ ነው አልኩሽ። ልዩነቱ የገባሽ የጥርስ ሐኪም መሆኑን የሰማሽ ቀን ነው።

ሰርጉ ሲቆረጥ ሀልሞኒ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንድ አሮጌ ሣጥን አስወረደችኝ። በውስጡ የሙሽራ ጌጥ ነበር። አንዱን እያወጣች አልጋው ላይ ትዘረጋለች፣ ትናገራለች፣ ጁን በእንግሊዝኛ ይተረጉምልኛል፣ እኔ የተረዳሁትን ያህል እረዳለሁ። መጀመሪያ ጆክዱሪ የሚሏትን አወጣች፤ ዶቃ የተንጠለጠለባት ትንሽ ጥቁር የሐር ቆብ ናት። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር የሚደፋው የቤተ መንግሥት ሰው ብቻ ነበር አለ ጁን፤ ሙሽራ ግን የድሃ ልጅም ብትሆን ለዚያች ለአንዲት ቀን አትከለከልም። ቀጥላ ከደረት ላይ የሚንጠለጠል፣ በሐር ክር የተቋጠረ ጌጥ አሳየችኝ። ጫፉ ላይ ጥፍር የሚያክሉ የብር መጥረቢያዎች አሉበት። ወንድ ልጅ እንዲወለድ ነው አሉኝ። ሴት የወለደችስ ምን ታንጠልጥል ብዬ ስጠይቅ ሀልሞኒ በድድዋ ሳቀች።

ከዚያ ቢኒዮ የሚሉት የጸጉር ማስያዣ መጣ። ረጅም ነው፣ ከክንዴ ብዙም አያንስ፣ ራሱ ላይ የወርቅ ቀለም የተቀባ ዘንዶ አለው። ያላገባች ልጅ ጸጉሯን ጎንጉና ወደ ኋላዋ ትለቀዋለች፤ በሰርጓ ቀን ጉንጉኑ ይጠቀለልና በቢኒዮ ይሰካል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልጅ አይለቀቅም። ሁለት ጉንጮቿና ግንባሯ ላይ ደግሞ ቀይ ክብ ክብ ነገር ይደረግባታል፣ ክፉ መንፈስ እንዳይጠጋት። ይሄኛውን ሲነግረኝ ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ቡዳ በየአገሩ አለ አልኩት፣ ግን መተርጎም አቃተኝ።

ዝይዋን በመጨረሻ ነው ያወጣቻት። በቀይ ጨርቅ ተጠቅልላ ራሷ ብቻ ወጥቷል። ቀለሟ ለቋል፣ መንቆሯ ጫፉ ላይ ተፍቋል። የሀልሞኒ ባል ሊያገባት ሲመጣ ለእናቷ ያመጣት ዝይ ናት። ደንባቸው እንዲህ ነው፤ ሙሽራው ዝይዋን በሁለት እጁ ይዞ ይመጣና ለሙሽራዋ እናት ይሰጣል፣ እናት ትቀበላለች፣ ቤቷ ታስቀምጣለች። በነሀልሞኒ ቤት ደግሞ እናት ስትሞት ዝይዋ ወደ ልጅ ትመለሳለች። ለሀልሞኒም እንዲሁ ነው የተመለሰችላት፤ በጉያዋ ይዛት ባሕር ተሻገረች።

ለምን ዝይ ሆነች ብዬ ጠየቅሁ። ዝይ አንዴ ብቻ ነው የምትጣመረው አሉኝ፤ ጓደኛዋ ቢሞት ሌላ አትፈልግም። ስትበር ደግሞ ሰልፏን አታፈርስም፣ ታላቅ ከፊት ታናሽ ከኋላ ነው። ይህን ሁለተኛውን ስሰማ አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ።

ጁን ስልክ ሊያነሳ ሲወጣ ሀልሞኒ እጄን ያዘችኝ። ግድግዳው ላይ ልጅሽና ጁን አብረው የተነሱት ፎቶ አለ። በጣቷ ወደ ልጅሽ አመለከተች። መዳፏን ሆዷ ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ እኔ አመለከተች። እታለም፣ በእናታችን አጥንት፣ ራሴን ነቅንቄ አይደለም አልኳት። እንደ ማልኩት። እሷ ግን አላመነችኝም፤ እጄን እንደ ያዘች ቆየች፣ እኔም እንድትለቀኝ አልፈለግሁም። ብርቱካን ስልጥ ስታየኝ ነው የከረመችው፤ ለማን ደኅና ደኅናውን እንደማነሳ ዓይን ያለው ሰው ያያል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ዲቪው ሲደርሳችሁ ልጅ ይዞ መሄድ ይቻላል ያልሽኝን ቀን አስታውሺልኝ። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፣ ሰውየው ጥሎኝ ሄዷል፣ እናታችን በጎረቤት አፍ አፍራ በር ዘግታ ተቀምጣለች። አንቺና ጋሼ ደግሞ ልጅ ፍለጋ ከታቦት ታቦት ስትንከራተቱ ስንት ዓመታችሁ ነበር። ማንም ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። ኤምባሲው በር ላይ የሣህሊቱን እጅ ከእጄ ስታወጪ፣ አድጋ ታመሰግንሻለች አልሽኝ። ስሟን ማን እንዳወጣላት እኔም አንቺም እናውቃለን። እዚህ ሳሊ ብለው ሲጠሯት ያረምኳቸው እኔ ነኝ፣ አንቺ አንድም ቀን አላረምሽም።

እኔን ያስመጣሽኝ ልጅሽ ሃይስኩል ስትገባ ነው፤ ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግንሻለሁ፣ ምስጋናዬንም በየበዓሉ ሰው ፊት ስትቀበዪ ኖረሻል። ስመጣ፣ ትምህርቷን ትጨርስና እንነግራታለን አልሽ። ጨረሰች። ኮሌጅ ትመረቅ አልሽ። ተመረቀች፣ በምርቃቷ ላይ ካሜራ ያዥ ሆኜ ነው የዋልኩት፤ አንድም ፎቶ ላይ የለሁም። ባለፈው ፋሲካ ፌርፋክስ ላይ መኪናሽን ፓርክ አድርገሽ፣ ልጅሽ ቅመም ልትገዛ ገብታ ሳለ፣ የሰርጓ ዕለት ጠዋት ከመልበሷ በፊት እኔው ራሴ ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ አልሽኝ። እኔ ሳልጠይቅሽ ነው ያልሽው። ስለዚህ አመንኩሽ።

በሰርጉ ጠዋት ስልኬ ሲጮኽ፣ ቶሎ ነይ ስትዪኝ፣ ልቤ ዘለለ። ቀኑ ደረሰ ብዬ ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ምን እንደምላት እየተለማመድኩ ነበር። ለካ የፈለግሽኝ ለጸጉር ነው። ጸጉር ሠሪዋ አልቻለችም፤ የልጅሽ ጸጉር ውኃ ነክቶት ተነስቷል፣ ቢኒዮው ይንሸራተታል፣ ቆቧ አትቀመጥም። አንቺ ሹሩባ ትችያለሽ አይደል አልሽኝ። እችላለሁ። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ማበጠሪያዬን ጭንቅላቷ ላይ አላስነካሽኝም፤ ሳሎን ነው የለመደችው ነበር መልስሽ። እጄ ግን አልረሳም።

ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ጸጉሯን ቅባት አስነክቼ ከግንባሯ ወደ ኋላ ቀጭን ቀጭን እያደረግሁ ጎነጎንኩት። አንቺ መስታወቱ ፊት የወርቅ ጉትቻሽን ታደርጊያለሽ። ከግራ ጆሮዋ በስተኋላ ስደርስ ሚዶው በራሱ ዞሮ አለፈ። እኔ እንኳ አላስተዋልኩትም፣ እሷ ናት ያስተዋለችው።

«አክስቴ፣ እዚያ ጋ ጠባሳ እንዳለኝ በምን አወቅሽ? እማዬ እንኳን ኦልዌይስ ትወጋኛለች።»

አየሁት አልኳት።

«ገና አልከፈትሽውም እኮ።»

ቀና ብላ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ጉንጉኑን ጠቅልዬ ቢኒዮውን አስገባሁት፣ ጥብቅ ብሎ ያዘ። አንቺ አልሰማሽም፣ ወይም ሰምተሽ ጉትቻሽን መረጥሽ። ከክፍሉ ስንወጣ በዓይኔ ጠየቅሁሽ፣ ገብቶሻል። አሁን አይሆንም፣ ሜካፗ ይበላሻል አልሽኝ።

እታለም፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የሰጠሽኝ ምክንያት ሜካፕ ነው። ይቅር ልልሽ ሞክሬ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሄጄም ሞክሬያለሁ። ሌላውን ሁሉ እየረሳሁ መጥቼ ሜካፑ ላይ ስደርስ ይቆምብኛል።

አዳራሹ ውስጥ ስጦታ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ አጠገብ አቆምሽኝ። የእናት ወንበር አጠገብ ሌላ ሴት ከተቀመጠች ኮሪያዎቹ ግራ ይገባቸዋል አልሽ። ቆምኩ። ጁን በሰማያዊ ካባው ዝይዋን አቅፎ ሲመጣ፣ አንቺ ነጠላሽን አስተካክለሽ ሁለት እጅሽን ዘረጋሽ። ያን ጊዜ ነው ሀልሞኒ ምርኩዟን ከዊልቸሯ ላይ ወደ ፊት የዘረጋችው። ልጁን መንገድ ላይ አስቆመችው። በአገጯ ወደ ኋላ፣ ወደ ስጦታው ጠረጴዛ አመለከተችውና አንዲት ቃል ተናገረች። «ኦማ» አለች። ይህን ቃል ኮሪያታውን በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጆች መንገድ ላይ ሲወድቁ የሚጮኹት ነው።

ሰው ሳቀ። የጁን እናት ተነስታ ጎንበስ እያለች ይቅርታ ጠየቀችሽ፤ አርጅታለች፣ ያጎረሳት ሰው ሁሉ እናት ይመስላታል አለች። አንቺም ሳቅሽ፣ ጥርስሽ ሁሉ ታየ። ኢትስ ኦኬ፣ እህቴን በጣም ስለምትወዳት ነው አልሽ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቄን እስከ ዛሬ አልወደውም። ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኜ በእጄ ለሀልሞኒ አይደለም አልኳት፣ ለሁለተኛ ጊዜ። ምርኩዟን መለሰች። ጁን ዝይዋን ሰጠሽ፣ አንቺም አቀፍሻት፣ ሰው አጨበጨበ።

ያልሳቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ሀልሞኒ ናት። ሌላዋን አላየሻትም፣ ወደ ካሜራው ዞረሽ ነበር። በእነዚያ ቀይ ክቦች መካከል ፊቷ ወረቀት መስሎ፣ የቆቧ ዶቃ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔን ነበር የምታየው።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። በኋላ በጓዳው ክፍል፣ አንቺና ጋሼ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣችሁ ሰገደችላችሁ። እጆቿን ደራርባ ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ልብሱ ስለከበዳት ሁለት ሴቶች ደግፈዋት፣ ቀስ ብላ እስከ መሬት። ለወላጅ የሚሰገደው እንደዚያ ነው። እናንተም ቀይ ቴምርና ያንን ቼስትነት የሚሉትን ፍሬ ሙሽሮቹ በዘረጉት ጨርቅ ላይ በተናችሁላቸው፤ ቴምሩ ለወንድ ልጅ ነው፣ ሌላው ለሴት። ከዚያ የአክስቶች ተራ ደረሰ። ለአክስት አጭሩ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት። ከሰሃኑ ላይ ልዘግን እጄን ስሰድ አስተናባሪዋ ፈገግ ብላ፣ አክስት አትበትንም፣ ሻይ ብቻ ነው የምትቀበለው አለችኝ። ሻዬን ጠጣሁ። በማግሥቱ ፌርፋክስ ላይ በመልሱም እንዲሁ ሆነ፤ ጉልበት የተሳመው የአንቺና የጋሼ ነው፣ የእኔ ጉንጬ ነው። አማረብሽ ብዬሽ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ አምሮብሽ ነበር።

ዝይዋን ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ከብርጭቆ ዝሆኖችሽ መሐል አስቀመጥሻት። ፎቶዋን አንስተሽ የእናትነት ክብር ብለሽ ለጠፍሽው። ስንት ሰው እንኳን ደስ አለሽ እንዳለሽ ሁሉንም አንብቤያለሁ።

ልጅሽ ረቡዕ ዕለት እኩለ ቀን ላይ መጣች። የሆስፒታል የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች፣ ከምሳ ሰዓቷ ቀንሳ። በሩን ስከፍት ቀይ ጨርቅ ታቅፋለች፣ የዝይዋ ራስ ብቻ ይታያል። ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከመድኃኒቶቼ አጠገብ አስቀመጠቻት። ከእናንተ ቤት ማለዳ አንቺ ገበያ ስትሄጂ፣ በራሷ ቁልፍ ገብታ ነው የወሰደቻት።

«ሀልሞኒ ዝይዋ ሮንግ ሃውስ ነው ያለችው ትለኛለች። ሶ፣ አመጣኋት» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ይህንን እናትሽ ሳታውቅ ማድረግ አልነበረብሽም አልኳት። አፌ ለምዶት ነው፣ ምን ላድርግ። እሷ ግን አልተቆጣችም። እኔን ለማውጣጣት እንዳልመጣች፣ ምንም እንድናገር እንደማትፈልግ ነገረችኝ። አዳራሹ ውስጥ በእጄ አይደለም ስል አይታኛለች፤ አንድ ሰው በቃል አስሮኛል ማለት ነው ብላ ማሰቧን ነገረችኝ። ከዚያ፣

«ብቻ ቁጭ በዪልኝ» አለች።

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። አይ፣ ወለሉ ላይ አለችኝ። ወርጄ ተቀመጥኩ፣ ወገቤ እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ። ጫማዋን አወለቀች። በዚያች ጠባብ ሳሎኔ፣ በማቀዝቀዣውና በልብስ መስቀያው መሐል ቆመች፣ እጆቿን ደራርባ ግንባሯ ላይ አደረገች። በሰርጉ ቀን ሁለት ሴቶች ደግፈዋት የሰገደችውን አሁን ለብቻዋ ጀመረችው። መሐሉ ላይ ሚዛኗን ስታ ተንገዳገደች፤ ልደግፋት እጄን አነሳሁና ተውኩት፤ የሚሰገድለት ሰው አይነሳም። እስከ መሬት ወረደች። ግንባሯ ያንን ለስንት ቀን ያልጠረግሁትን ምንጣፍ ነካ። እዚያው ቆየች።

ቀና ስትል የምበትነው ነገር አልነበረኝም። ቴምር የለ፣ ቼስትነት የለ። እጄን ዘርግቼ ከጠረጴዛው ላይ የቆሎ ጠርሙሴን አወረድኩ። እሷም ገባት፣ የሸሚዟን ጫፍ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። ዘግኜ በተንኩላት። ሽምብራው ሴት ይሁንልሽ፣ ገብሱ ወንድ አልኳት። አክስቴ ይሄማ አንድ ቀበሌ ነው አለች፣ እያለቀሰች ሳቀች። ፍሬው ወለሉ ላይ ሁሉ ተበትኗል፤ እስከ ዛሬ አልጠረግሁትም፣ በእግሬ ስር ሲንቋቋ ደስ ይለኛል።

ወደ ሥራዋ ከመመለሷ በፊት ሚዶ ስጪኝ አላለችኝም፣ ራሷ ከመታጠቢያ ቤት አምጥታ በጉልበቶቼ መሐል ተቀመጠች። ጸጉሯን ፈታሁላት። ግራ ጆሮዋ ጋ ስደርስ፣ ይሄ በምን መጣ ብላ ጠየቀችኝ። አንቺ እዚህ አገር፣ ፓርክ ውስጥ ዥዋዥዌ ላይ ወድቀሽ ነው ብለሻት ኖሯል። እኔ እንዳልሆነ ነገርኳት። የጎረቤት ዶሮ ስታባርር የእናታችን ቤት ደፍ አደናቅፏት በሩ ብረት ላይ ነው የወደቀችው። ክረምት ነበር። ተሸክሜያት ጤና ጣቢያ ድረስ በዝናብ ሮጫለሁ፣ ደሟ በአንገቴ ወርዶ ጡቴ ድረስ ገብቶ ነበር፤ ሲሰፏት የእኔን ጣት ነክሳ ነው የቻለችው፣ ምልክቱ አሁንም አለ። ጣቴን አሳየኋት። ይዛው ቆየች።

ይህን ነው የነገርኳት፣ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። መሐላችንን አላፈረስኩም እታለም። ስለ ጠባሳ አልተማማልንም።

እንግዲህ ዝይዋን ልትወስጃት አትምጪ። መስኮቱ ጋ አስቀምጫታለሁ፣ ፒኮ ጎዳና ላይ የሚያልፉትን አውቶቡሶች ታያለች። የግድ ከመጣሽም ደረጃው ብዙ ነውና ጉልበትሽን አስቢ። ስሞት ወደ ማን እንደምትመለስ ደንቡ ይታወቃል።

ልጅሽ እሑድ ለምሳ እናንተ ጋ ትመጣለች። ባሏን ሳትይዝ ለብቻዋ ነው የምትመጣው። እኔን ያልጠየቀችኝን አንቺን ትጠይቅሻለች፣ ለዚህ ነው ዛሬውኑ የምጽፍልሽ። የሚኳኳል ሙሽራ የለም አሁን፤ ብታለቅስም የሚበላሽ ነገር የለም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ለጋሼም ጤናቸውን ይስጥልኝ፣ ያሳደጉበትን እጃቸውን አይንሳቸው፤ እሳቸውን አልቀየምም። ለአንቺ ደግሞ እሑድ ዕለት አፍሽን ይክፈትልሽ። ከዚህ የበለጠ ምርቃት ለጊዜው የለኝም።

የልጅሽ አክስት